የቀለም ሣጥን

ከደብረ ሲና በላይ፣ ገና ጉም ሳይገፈፍ፣
ወፍ ዋሻ ገባሁኝ፣ ወፍ በቅጽ ልጽፍ።
ቅጹ ባለ ሰንጠረዥ፦ ቁጥር፣ ቀን፣ ሰዓት፣
የምንቃር ቅርጽ፣ ድምፅ፣ የቦታው ከፍታ፣ የአየሩ ሙቀት፣
መጨረሻ ላይ ቀለም።
አንዲት ጠባብ ሣጥን፣ አንድ ቃል የምትችል፣ ከዚያ በላይ የለም።

ጋሽ ወንድአፍራሽ ፊት ፊት፣ የጫካው ሠላሳ ዓመት ዘቡ፣
ጥርሱ ከገብስ ቆሎ፣ ከቅጠል ላይ ልቡ።
መነጽር አይወድም። «ሩቁን ታቀርብና
ቅርቡን ታስረሳለች» ይላል፣ ቆም ይልና።

ከአስታው ጥግ፣ አሽንድዬ በቀላበት ገመገም፣
አንድ ነገር ጮኸ። ጭው። ጭውጭው። ደግሞ ዝም።
በአበባው አንገት ላይ ጠብታ ጨለማ፣
ከሌሊቱ ተርፎ ማር የተጠማ።
«ጥቁር» ብዬ ጻፍኩኝ። ሣጥኗ ሞላች በቃ።
ጋሽ ወንድአፍራሽ ሳቀ። «ቆይ፣ ፀሐይዋ ትንቃ!»

ነቃች።
ከገደሉ ማዶ፣ ከአፋር ሜዳ ወጥታ፣
በጽዱ ቅርንጫፍ መሐል በቀጭኑ ገብታ፣
ያን ጥቁር ነካችው።
ያ ጥቁር ነገርም ጥቁርነትን ተወው።
ራሱ የድሮ ሳንቲም፣ በጣት ብዛት የታሸ፣
ደረቱ ወይን ጠጅ፣ ሲያዩት እየሸሸ።
ጭራው ሁለት ክር ነው፣ ልብስ ሰፊ የረሳው፤
ምንቃሩ ጎባጣ፣ አበባ ያጎበጠው።

በላጲስ ፋቅኩና «ጥቁር» ያልኩበትን፣
«ወይን ጠጅ» ብዬ ጻፍኩ። ወፉ አዞረ ጎኑን፣
ሰማያዊ ሆነ።
እንደገና ፋቅኩኝ። ወረቀቱ ሳሳ፣ ጽሑፌ በነነ።

«ቀለሙ የሱ አይደለም» አለ ጋሽ ወንድአፍራሽ፣
«ላባ ወድቆ አንስቼ፣ ቤት ወስጄ ሳሽ፣
በኩራዝ አየሁት። ጥላሸት ነው፣ ጥላሸት።
ደጅ አውጣው ግና፣ ቦግ ይላል እንደ ክብሪት።»

ያኔ ሌላ መጣች። ግራጫ፣ ዝም ያለች፣
ከዚያው ግንድ አጠገብ ዝቅ ብላ አረፈች።
ከመጽሐፉ ገጾች ለቅሜ አጣኋት፤
ድንቢጥ አልኩ፣ ሌላም አልኩ፣ ስንቱን ስም ሰጠኋት።
ጎባጣ ምንቃሯን ካበባው ስታስገባ
ነው ለኔም የገባኝ።
ሚስቱ ናት። ሥዕሉ ጥግ ላይ ያሰፈራት፣
ፀሐይ ብትዞርባት ምንም የማትሰጣት፣
ግን ያው አጎነባበስ፣ ያው ማር፣ ያው ጥማት።
እሱን በመልኩ አጣሁት፤ እሷን በሥራዋ አገኘኋት።

መጽሐፉ «ተከዜ» ይለዋል፣ በወንዝ ስም ጠርቶ፤
ወንዙ የት፣ እሱ የት! ስንት ገደል ወጥቶ።
ይህን ለሽማግሌው ብነግር፣ «ማን ተከዘ?» አለኝ፣
«በኛ ሰፈር ጠጅ ቀማሽ ነው» ብሎ ሳቀብኝ።
ሁለቱንም ጻፍኩ፣ ወንዙንም ጠጁንም፣
አንዱ የአንዱን ትካዜ ያስረሳው እንደሆነም።

ጉሙ ከታች መጣ፣ እንደ ልማዱ፣ ሳይጠሩት፤
ጽዱን ዋጠ፣ ኮሶውን፣ የአሽንድዬውን እሳት።
ቀለም አለቀ። ቀረ ጭው፣ ጭውጭው፣
ከነጩ ውስጥ ሆኖ አንዱ አንዱን ሲጠራው።

በዚያች ጠባብ ሣጥን፣ በሳሳው ወረቀት፣
እንዲህ ብዬ ሞላሁ፣ በደቃቅ ፊደላት፦
«ሲነጋ ጥቁር። ሦስት ሰዓት ላይ ወይን ጠጅ።
ሲዞር ሰማያዊ። ሚስቱ የአፈር። በጉም ድምፅ እንጂ
ሌላ የለም።»

በሁለተኛው ሳምንት ከደብረ ብርሃን ቅጹ ተመለሰ፤
ሣጥኗ ዙሪያዋን በቀይ ብዕር ታጥራ፣ ጽሑፌ ተከሰሰ፦
«አንድ ቀለም ብቻ ይምረጡ።»

ለጋሽ ወንድአፍራሽ አነበብኩለት።
ቆሎውን ጨረሰ፣ መዳፉን አራገፈ፣ ጣርማበርን አየት።
«ማነው የጻፈው?» አለ። አላውቅም፤ ማኅተም ነው፣ ፊርማ።
«እሳቸውም» አለኝ፣ «ቢሮ ሆነው ከሚቆጡ፣
ሮብ በጠዋት ተነሥተው ከኛ ጋራ ይውጡ።»